የዳገቱ እሽቅድድም

የአክስቴ መኪና ያለቀ ሳሙና ትመስል ነበር። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው። ቀለሟ ቢጫ ይሁን ነጭ በፀሐይ ብዛት አይለይም፤ ጥጋ ጥጓ ሁሉ የሟሟ ይመስል ክብ ነው። አክስቴ ደጃችን ላይ አቁማት ስትወርድ አባቴ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ሳሙናዋ መጣች፤ የሚታጠብ ያላችሁ አውጡ!» ይላል። እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። እናቴ አትስቅም።

«ሳቅ አንተ» ትለዋለች አክስቴ ቁልፏን እያወዛወዘች። «ያንተ ጭራቅ በርሜል ሙሉ ሲግት የኔዋ ነዳጁን አሽታ ነው የምትሄደው።»

«እሱማ ያስታውቃል። ያልበላ ዳገት ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የአባቴ መኪና ሌላ ነገር ነበር። ቀይ ነው፤ ከኋላው ተሳቢ ይጎትታል። ጋቢናው ውስጥ ለመግባት ሁለት እርከን መውጣት፣ ከዚያም አባቴ ብብቴ ሥር ይዞ ማንሳት አለበት። አንዴ ከተቀመጥኩ ዓለም ከታች ነው። የጎረቤት አጥር አያግደኝም፤ የተሰጣ ልብሳቸውን፣ ጣሪያቸው ላይ የተወረወረውን አሮጌ ጫማ ሳይቀር አያለሁ። ትልልቅ ሰዎች ከዚያ ላይ ሲታዩ አናት ብቻ ናቸው። መምህራችን መላጣ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ ሆኜ ነው። እኔንም ኮረኮንች ብሎ የሰየመኝ አባቴ ነው፤ ከኔ ጋር የተጓዘ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም ሲል።

አባቴ ለቤታችን ይበዛባት ነበር። እኔ ነገሩን የተረዳሁት እንዲህ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ በሯ ዝቅ ያለ፣ ጠረጴዛው ከግድግዳው የተጣበቀ፣ ከአልጋው እስከ ቁምሳጥኑ ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍባት። አባቴ ከመንገድ ተመልሶ እቤት በዋለ ቁጥር አንድ ነገር ሳይሰበር አይቀርም። አንድ ቀን ብርጭቆ፣ አንድ ቀን የወንበር እግር፣ አንድ ቀን የጓዳው በር ማጠፊያ። አንድ ቀን ደግሞ የእናቴ አንጓ። «በሩ ያዘኝ» አለቻት ለጎረቤታችን፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ሻርፗ ሥር እየሸሸገች። አጠገቧ ቆሜ በልቤ ተስማማሁ። ተሳቢ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሲዞር አጥር ይነካል፤ ጥፋቱ የሹፌሩ አይደለም፣ የግቢው ነው።

መፍትሔም ነበረኝ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ትልቅ ቤት ብንከራይ እኮ አባዬ አይጋጭም።»

«ከምን ጋር?»

«ከዕቃው ጋር። ካንቺም ጋር።»

ቢላዋው ቆመ። እናቴ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ በሽንኩርቱ ነው አልኩ። ከዚያ መክተፏን ቀጠለች። ዛሬ ሳስበው መሄዷን የወሰነችው ያኔ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምለው። እናቴ ስለዚያ ዘመን አንዲት ቃል ሳትነግረኝ ነው ያረፈችው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ «ቀሚስ ላሰፋ» እያለች አክስቴ ዘንድ መመላለስ ጀመረች። አክስቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነገሩ ያስኬዳል። ግራ የገባኝ የቀሚሱ አለማለቅ ነው። «ለዝሆን ነው እንዴ የሚሰፋው?» ብሎ አባቴ ሲጠይቃት የእናቴ ፊት አመድ መሰለ፤ እኔ ግን ቀልዱ ደስ አለኝ። ቀሚስ አልነበረም። አክስቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ መኪና መንዳት እያስተማረቻት ኖሯል።

አባቴ ጭነት ሊያመጣ ሩቅ በሄደ በማግስቱ፣ ማለዳ ላይ፣ አክስቴ ሳሙናዋን ደጃችን ላይ አቆመቻት። ሞተሯን አላጠፋችም። ወርዳ በሩን ክፍት ተወችው። እናቴ አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣችና መሪው ፊት ተቀመጠች።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» አለቻት አክስቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስትፈሪ እግርሽ ይቸኩላል።»

«አልፈራም።»

«ትፈሪያለሽ። ፍሪ፤ እግርሽ ግን አይቸኩል።»

«የት ነው የምንሄደው?» አልኩ።

«ዘመድ ጥየቃ» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ታዲያ አባዬን ለምን አንጠብቀውም? በትልቁ ይወስደን የለ?»

አክስቴ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ፊቷ ርጥብ ነበር። «ኮረኮንችዬ፣ ዛሬን እንኳ ለስላሳ መንገድ ሁኚልን» አለችኝና ደጃችን ላይ ቆማ ቀረች።

ከተራራው ማዶ ባለች ከተማ ለእናቴ አንዲት ክፍል ተገኝታላት ነበር፤ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ውስጥም ሥራ። አባቴ ከመንገዱ ከመመለሱ በፊት ተራራውን መሻገር ነበረብን። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ ከአክስቴ አፍ ነው። ያን ማለዳ ያወቅሁት እናቴ ለካስ መኪና እንደምትነዳ፣ የምትነዳውም ደግሞ ይቺን መሆኑን ብቻ ነው። ደስታውና ንዴቱ እኩል መጡብኝ። አንድ ሰው ተደብቆ መዋኘት ተምሮ ሲያበቃ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሲገባ እንደማየት ነው።

ሜዳውን የተጓዝንበት ጊዜ ለኔ የውርደት ነበር። የኋላው መቀመጫ ወደ መሬት ዝቅ ከማለቱ የተነሳ የማየው የሌሎችን ጎማ ነው። ከባድ መኪና ባለፈን ቁጥር ነፋሱ ሳሙናዋን ገፍቶ ወደ ጠርዝ ይወስዳታል፤ እናቴ መሪውን እንደ ገመድ ስባ ትመልሳለች። አውቶቡስ ቀደመን፣ የጭነት መኪና ቀደመን፣ ቀጥሎ ሣር የጫነ ትራክተር መጥቶ ከጎናችን እኩል ሄደ። ሣሩ ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ከላይ ወደ ታች አይታኝ ምላሷን አወጣችብኝ።

«እማዬ፣ ትራክተር እየቀደመን ነው!»

«ይቅደም።»

«አባዬ ቢሆን ክላክሱን ነፍቶ . . .»

«ዝም በይ ልጄ፤ መንገዱን ልይበት።»

«ለምን እንደ አባዬ በአንድ እጅ አትነጂም?»

 ከአንገቷ በታች ቀሚሷ በላብ ጠቁሮ ነበር።

የተራራው ግርጌ ስንደርስ የሙቀቱ መርፌ ተነስቶ ነበርና ነዳጅ ማደያው ጋ ቆምን። እናቴ ኮፈኑን ከፍታ ከጎኑ ቆመች። ዓይኗ ወደመጣንበት መንገድ ይመላለሳል። የማደያው ቀጂ ረጅም የጎማ ቦት ያደረገ ቀጭን ሰው ነው፤ ከአባቴ ጋር ስመጣ ከረሜላ ይሰጠኛል። ውሃ ሊያመጣልን ጀሪካናችንን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ሲያይ እኔን አየኝ።

«ኮረኮንች! አንቺ ነሽ እንዴ? በዚህች ክብሪት ሳጥን ውስጥ?» ወደ እናቴ ዞረ። «እትዬ፣ አልተነጋገራችሁም ማለት ነው? ባለቤትሽ እኮ እዚህ ነው! ጭነቱ ተሰርዞበት ባዶውን ተመለሰ። ከጀርባ አቁሞ ጋቢናው ውስጥ ተኝቷል።»

እናቴ የኮፈኑን ጠርዝ ያዘች። «ተወው» አለች። «ደክሞት ይሆናል። ይተኛ።»

«ኧረ ምን ነካሽ! ሚስቱና ልጁ መጥተው? ነገ እኔን ነው የሚጣላኝ።»

«እባክህ ወንድሜ . . .»

«ግድ የለሽም፤ አንድ ጊዜ!» ብሎ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ በቦቱ ዷ ዷ እያለ ወደ ጀርባ ሮጠ። ደግ ሰው ነበር። ያን ያህል ደግ ሆኖ ያን ያህል ክፉ ነገር የሠራ ሰው ከዚያ ወዲህም አላየሁ።

እናቴ ኮፈኑን ጣለችው። «ግቢ!»

«አባዬን ሰላም . . .»

«ግቢ አልኩሽ!»

እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ገባሁ። ቁልፉን አዞረች፤ ሳሙናዋ አስነጠሰችና ዝም አለች። እናቴ ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሞተሩን እንደምትለምን ነበር የመሰለኝ። እንደገና አዞረች። ከማደያው ጀርባ የጋቢና በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ያን ድምፅ ከሺህ በር መሃል እለየዋለሁ። በሦስተኛው ሞተሩ ተነሳ። ውሃ ሳንሞላ፣ ጀሪካኑንም ትተን፣ ዳገቱን ተያያዝነው።

ትልቅ መኪና እንደ ሰው ተነስቶ ወዲያው አይሮጥም። የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ሳይሞላ ፍሬኑ አይለቅም። ይህን አውቃለሁና አባቴ አሁን መሪው ፊት ተቀምጦ እግሩን እያንቀጠቀጠ መሆኑን ገመትኩ። ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ በኋላው መስታወት ማየት ጀመርኩ። እኔና አባቴ ከሱቅ ስንመለስ እስከ ግቢያችን በር ማን ይቀድማል የምንለው ጨዋታ ነበረን። መጀመሪያ እንድርቅ ይተወኛል፤ ከዚያ በኋላዬ ዱብ ዱብ ሲል እሰማዋለሁ፣ በሳቅ ጉልበቴ ይከዳኛል። የዛሬውም ያው መሰለኝ። እናቴም ውድድር ውስጥ የገባች መሰለኝ። እናቴ መጫወት ጀመረች ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሳሙናዋ ዳገቱን አልቻለችውም። እናቴ ማርሽ ስትቀንስ ትጮኻለች፣ ስትጨምር ታለቅሳለች። መንገዱ በግራ ቋጥኝ፣ በቀኝ ገደል ነው፤ አንዱ ጥምዝማዝ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ከታች፣ ሁለት ጥምዝማዝ ዝቅ ብሎ፣ ቀይ ነገር ብልጭ አለ።

«አባዬ መጣ!»

 የእናቴ እግር ከነዳጅ መስጫው ጋር ወለሉን ነክቷል፤ ከዚህ በላይ የሚረገጥ የለም።

«እማዬ፣ ሊይዘን ነው! ፍጠኚ!»

«ተቀመጪ።»

«ባዶውን እኮ ነው፤ ሲሮጥ ብታዪው!»

ቀዩ መኪና ከጥምዝማዙ ወጥቶ መስታወቱን ሞላው። ከሳሙናዋ ኋላ ሲታይ መኪና አይመስልም፤ የሚሄድ ቤት ነው። ክላክሱን ነፋ። የአባቴ ክላክስ ለኔ ሲሆን እንደ ዘፈን ከፍ ዝቅ ይላል። አሁን አንድ ወጥ ሆኖ ረዘመ፤ ቋጥኙ እየመለሰው ጥርሴ ውስጥ ገባ። እጄን አውለበለብኩለት። ፊቱ በግልጽ ይታየኛል፣ ከላይ፣ ከመስታወቱ ጀርባ። አላውለበለበልኝም። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ።

«ምን ያህል ቀርቧል?» አለች እናቴ።

«አፍንጫው ሊነካን ነው!» አልኩ በኩራት። አሁንም የኛ ሽንፈት የሱ ድል ስለሆነ የኔም ድል ነበር።

«ጎንበስ በይ። መሬት ላይ ተቀመጪ።»

«አይታየኝማ . . .»

«ልጄ፣ በእናትሽ!»

እናት ልጇን «በእናትሽ» ብላ ስትለምን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ከመቀመጫው ወርጄ ወለሉ ላይ ተኮረመትኩ። ግን ወዲያው አንገቴን በሁለቱ መቀመጫዎች መሃል አወጣሁ፤ ምክንያቱም ከፊታችን የሚያስቆጣ ነገር አየሁ። ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና መንገዱን ሞልቶ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንፏቀቃል። በጀርባው ካለው ጥርስ የረገፈ የመብራት ሽፋን አወቅሁት። ኤሊው ነው!

ኤሊው የአባቴ ጓደኛ፣ በዝግታው የታወቀ ሹፌር ነው። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፣ ዞር ሲል ኤሊው። እቤታችን ራት እየበላ ወንበር ሲሰበር አይቶ ያውቃል፤ ዝም ብሎ በልቶ፣ ዝም ብሎ አመስግኖ ይሄዳል።

አሁን ከፊት ኤሊው፣ ከኋላ አባቴ፣ መሃል ላይ ሳሙናዋ። የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነክቷል። እናቴ ወደ ግራ ብቅ ብላ ልታይ ሞከረች፤ የኤሊው መኪና ስፋትና የመንገዱ መጠምዘዝ ምንም አያሳያትም። ተመለሰች። ከኋላችን ክላክሱ አላቋረጠም። የሳሙናዋ የኋላ መስታወት ውስጥ ሰማይ ጠፍቶ ቀይ ብቻ ሆነ። አንድ ጊዜ ነካን። ትንሽ ነው፤ ሻንጣችን ተንሸራቶ በሩን መታ። እኔ ሳቅሁ። አባቴ በጨዋታችን መጨረሻ ላይ ጀርባዬን በጣቱ ነካ ያደርገኝ ነበር።

ያኔ ነው የኤሊው የቀኝ ፍሬቻ ብልጭ ብልጭ ማለት የጀመረው።

ከባድ መኪና የሚነዱ ሰዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ አላቸው። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፣ ከኋላ ያለው አያይም፤ ስለዚህ የፊተኛው በፍሬቻ ይነግረዋል። የቀኙ ከበራ ባዶ ነውና እለፍ ማለት ነው። የግራው ከበራ የሚመጣ አለና ባለህበት ቆይ። ይህን አባቴ ጋቢናው ውስጥ አስተምሮኛል።

«እማዬ! የቀኙን አበራ!»

«የምን ቀኝ?»

«ፍሬቻ! ጋሼ እለፉ እያለን ነው!»

«ልታጠፍ ነው ማለቱ ቢሆንስ?»

«በቀኝ እኮ ገደል ነው! የት ነው የሚታጠፈው?»

እናቴ በመስታወቷ ወደ ኋላ አየች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አባዬ ነው ያስተማረኝ።»

ይህን ስላት ምን እንደተሰማት አላውቅም። መሪውን ወደ ግራ ሰበረችና ወጣች። የኤሊው ጎማዎች ከመስኮቴ ይበልጣሉ፤ አንድ በአንድ እየተሽከረከሩ አለፉ፣ ወይም እኛ አለፍናቸው፤ ያን ያህል ቀስ ብለን ነበር የምንሄደው። ከላይ ኤሊው ክንዱን በመስኮት አውጥቶ አንድ ጊዜ ወደፊት ወረወረው፤ ሂዱ። ከፊቱ ገባን። መንገዱ በእርግጥም ባዶ ነበር።

ዞሬ አየሁ። አባቴም ለማለፍ ወደ ግራ ወጥቷል። የኤሊው መኪና ግን ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል መጣ፣ ከዚያም ከመሃል አልፎ፣ መንገዱን እንደ ቡሽ ደፈነው። ባዶ መንገድ ላይ!

«አጭበረበረ!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ፣ ኤሊው አባዬን ከለከለው! ይሄማ ጨዋታ አይደለም!»

«አይደለም» አለች እናቴ።

ሁለቱ መኪኖች ከጥምዝማዙ ኋላ ተደበቁ። ትንሽ ቆይቶ ከታች አንድ ድምፅ መጣ። ትልቅ የብረት በር በኃይል ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ነው። የኤሊው የጭነት በር ወልቆ ወደቀ ብዬ፣ እሰይ አልኩ። ክላክሱ ቆመ። እናቴ ድምፁን ሰምታለች፤ ትከሻዋ ሲዘል አይቻለሁ። አላቆመችም።

ከተራራው ጫፍ ላይ ሳሙናዋ ነጭ እንፋሎት ለቀቀችና ራሷ ቆመች። እናቴ ከመሪው ላይ እጇን ማላቀቅ አልቻለችም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው የፈታችው። እኔ አለቀስኩ። «ቢያንስ ብንጠብቀው ምን አለበት? በዚች ቆርቆሮ ምክንያት ነው! በትልቁ ብንሆን አንድ ላይ እንሆን ነበር!» እናቴ ዞር ብላ አፍንጫዬን በመዳፏ ጠረገችልኝ፣ ከዚያ ወርዳ ከመንገዱ ዳር አስመለሳት።

ማዶ ባለችው ከተማ አደግሁ። ልጅ ሆኜ ለደረሰብኝ ሁሉ፣ ለአንዷ ክፍላችን፣ በሳሙና ለተላላጠው የእናቴ እጅ፣ አባት አልባ ለመሆኔ፣ ጥፋተኛ ያደረግሁት ያቺን ትንሽ መኪና ነው። እናቴን መክሰስ ስለማልችል መኪናዋን ከሰስኩ። እናቴም ተከላክላ አታውቅም። «ከአባትሽ የነጠልኩሽ እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ስለሱ ክፉ ቃል አላወጣችም። ሰው ስለ አባቱ ክፉ ከእናቱ አፍ መስማት የለበትም ብላ ይሆናል። ወይም ማንም አያምነኝም ብላ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በሰው አገር ተማርኩ። የተማርኩበት ቦታ ማንኛውንም ነገር ከሁለት ወገን እንዳይ አስተማረኝ፤ ይህ ትምህርት አንዳንዴ በሽታ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ስመለስ አባቴ ስልኬን አፈላልጎ አገኘ። ድምፁ አርጅቷል፣ ቀልዱ አላረጀም። «ኮረኮንች፣ ስንት ሰው እንቅልፍ ነሳሽ እዚያ ማዶ?» አለኝ፤ ሳላስበው ሳቅሁ። ቆላው ስላልተስማማው ከዳገቱ በላይ ባለች መንደር መኖር ጀምሯል። ደጋግሞ ደወለ። ስለዚያ ቀን ያነሳው ራሱ ነው። «ልመልሳችሁ ብቻ ነበር፤ ሌላ ምን አሰብኩ? እናትሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ሰው ማዳመጥ አይሆንላትም ነበር።» ምሳ ጋበዘኝ። አልሄድም አልኩ፣ ከዚያ እሄዳለሁ አልኩ፣ ከዚያ ለሳምንት አላንቀላፋሁም። የምሄድ ከሆነ እናቴ በከንቱ ነው የሸሸችው ብዬ መቀበሌ ነው። ካልሄድኩ ደግሞ አንድን ሽማግሌ በእርግጠኝነት ለማላውቀው ጥፋት መቅጣቴ ነው።

በመጨረሻ እድሮው ከተማችን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ መኪናውን አዋሰኝ። አነስተኛ ናት፤ ነዳጅ አትበላም ብሎ አወደሰልኝ፤ ዘሩ ነው። መኪና ሲያወድሱልህ የሚነግሩህ ስለ ነዳጁ ነው፤ ስለ ዳገቱ የሚነግርህ የለም። ተራራውን ስጀምር ሞተሩ ያንኑ የድሮ ለቅሶ አለቀሰ። ከፊቴ መንገዱ የተቆፈረበት ቦታ ነበርና እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፤ መኪናዋ ወዲያው ቀጥ አለች፣ እንዲያውም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላዬ ያለው ከባድ መኪና ጮኸብኝ። ሰውነቴ በሙሉ በላብ ተጠመቀ። ለትልቅ ሰው ሊሆን የማይገባው ፍርሃት ፈራሁ፣ በዚያው ንዴትም መጣብኝ፤ ሰው እንዴት በዚህች ነገር ተራራ ይወጣል? ያውም እያመለጠ?

ኤሊው ዳገቱ ሲያልቅ ጎማ እንደሚለጥፍ ሰምቼ ነበር። አገኘሁት። ሸምግሎ አጥሯል፤ ገንዳ ውስጥ ጎማ እየነከረ አየሩ የሚወጣበትን ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ እኔ ኮረኮንች ነኝ።»

ጎማውን ለቀቀው። ፊቴን አየ፣ መኪናዬን አየ። «አሁንም በሳሙና ነው የምትሄጂው?» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። በርጩማ አቀረበልኝ።

«እናቴ አርፋለች።»

«ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር። ጠንካራ ሴት ነበረች።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር? ቤታችን ውስጥ ያለውን?»

«ማን የማያውቅ ነበር?» እጁን ጨርቁ ላይ ጠረገ፤ ንጹሕ ከሆነ በኋላም መጥረጉን አልተወም። «ሰው ቤት ጉዳይ አይገባም ተባብለን፣ ራቱን እየበላን ዝም አልን። ሁላችንም።»

«ታዲያ ያን ቀን?»

«ያን ቀን ቤቱ ውስጥ አልነበረማ። መንገድ ላይ ነበር። መንገዱ ደግሞ የኔም ነው።»

«ሊመልሰን ብቻ እንደነበር ነግሮኛል።»

«እንደዚያ አለሽ?» ጎማውን እንደገና ወደ ውሃው ገፋው። «ይሁን እንግዲህ።»

«ጋሼ፣ ያዩትን ይንገሩኝ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

ለመናገር አልፈለገም፤ ግልጽ ነበር። ውሃውን እያየ ነው የተናገረው። «እናንተን ካሳለፍኩ በኋላ ዘጋሁበት። ክላክሱን ለቀቀብኝ። ዝም አልኩት። ያኔ፣ ወርጄ ላነጋግረው ብዬ ቀነስኩ። ላቆም ስል መታኝ። የኋላ በሬን ይዞ ገባ።»

ያ የብረት በር ድምፅ ይህ ነበር። አፌ ግን የመለሰው ለአባቴ ነው። «ፍሬኑ እንቢ ብሎት ይሆናል» አልኩ። «አሮጌ መኪና ነበር። ባዶውን ነበር፤ በድንገት ሲያቆሙበት . . .»

ኤሊው ቀና ብሎ አየኝ። ያዘነልኝ ይመስላል።

«ዳገት ነበር እኮ ልጄ» አለ።

ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ዳገቱን ገና አሁን መውጣቴ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ለመቆም ፍሬን አይሻም። እግርህን ከነዳጁ ማንሳት ይበቃል፤ ቀሪውን ተራራው ይሠራዋል። ከፊትህ ያለውን ለመምታት እግርህ ነዳጁ ላይ መቆየት አለበት። ረግጦ።

ስልኬ የጠራው እዚያው በርጩማው ላይ እንዳለሁ ነው። ኤሊው ማን እንደሆነ ከፊቴ ገባውና ተነስቶ ወደ ቤቱ ውስጥ ገባ።

«የት ደረስሽ ኮረኮንች? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ።»

«ዳገቱን ጨርሻለሁ።»

«በምን መጣሽ?»

«በትንሽ መኪና።»

ሳቀ፤ ደረቱን የሞላ፣ የጥንቱ ሳቅ። «ወይኔ ልጄን! ነግረሽኝ ቢሆን ትልቅ መኪና ልኬ አስመጣሽ አልነበረም?»

«አባዬ» አልኩት። «ያን ቀን እግርህን ለምን አላነሳህም?»

ሳቁ ቆመ።   የቱን ቀን፣ የምን እግር፣ ምን እያልሽ ነው እንዲለኝ ጠበቅሁ። ውሸት ቢሆን እንኳ እቀበለው ነበር፤ መንደሩ ቅርብ ነው፣ ምሳውም ገና አልቀዘቀዘም ይሆናል።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።